ከመቁረጥ በፊት መቁጠር



ሰሞኑን አንዲት አያት ስልክ ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። የልጃቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሕንፃ ንድፍ ያጠናል። «ሐኪም ይሆናል ስንል አርክቴክት ልሁን አለ፤ ደግ አልን» አሉኝ። «አሁን ግን እርሳስና ማስመሪያ ይዞ አላየውም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዶ ነጥብና መስመር ሲያሯሩጥ ይውላል። ምንድን ነው ይኼ ስለው፣ ሰዎች በአደባባዩ ላይ እንዴት እንደሚሄዱ እያየሁ ነው ይለኛል። አደባባዩ ገና አልተሠራም! ሰዎቹስ ከየት መጡ? እባክሽ ሲስተር፣ ጨዋታ ይሁን ትምህርት ንገሪኝ።»

ትምህርት ነው። እንዲያውም በእኔና በእርሳቸው ዕድሜ ላለን ሰዎች በጣም የሚያገባን ትምህርት ነው። ያ ልጅ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያስኬዳቸው ሰዎች ነገ እኛ አስፋልት ለመሻገር ስንት ሰከንድ እንደምናገኝ፣ ደረጃው በየት በኩል እንደሚሆን፣ አረፍ የምንልበት ወንበር መኖር አለመኖሩን ሊወስኑ ይችላሉ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ለእርሳቸው መልስ ይሁን፤ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ነርስ እንጂ አርክቴክት አይደለሁም። ነገሩ የሚገባኝ በሙያዬ በኩል ነው። ታማሚ ሲመጣ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና አተነፋፈሱ ይለካል፤ ቻርቱ ላይ ይጻፋል። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይመረምር የሚያዝ ሐኪም ቢገጥማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከተማ ላይ ግን በየአገሩ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው ሳይመረምሩ ማዘዝ ነው። ከላይ ሆኖ ሲታይ የሚያምር ፕላን ይሳላል፣ ድንጋዩ ይነጠፋል፣ ሪባኑ ይቆረጣል። ሕዝቡ ግን በተነጠፈለት ድንጋይ ሳይሆን በሣሩ ላይ የራሱን ቀጭን መንገድ አውጥቶ ይሄዳል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

የዛሬዎቹ አርክቴክቶች በኮምፒዩተር የሚሠሩት ስሌት፣ በደህና እጅ ሲያዝ፣ ይህን ስሕተት ለመቀነስ የሚደረግ ምርመራ ነው። ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት እጅግ የታወቀውን ምሳሌ ልንገራችሁ።

የትራፋልጋር አደባባይ

ለንደን ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ የዚህን አደባባይ ፎቶግራፍ ሳታዩት አትቀሩም። በመካከሉ ረጅም ዓምድ ቆሟል፤ በዓምዱ ጫፍ ላይ የአድሚራል ኔልሰን ሐውልት፣ ከሥሩ አራት ትላልቅ የነሐስ አንበሶች አሉ። በሰሜን በኩል ናሽናል ጋለሪ የሚባለው የሥዕል ሙዚየም ከፍ ብሎ ይታያል። አደባባዩ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው፤ ጋሪ በፈረስ በሚጎተትበት ዘመን ማለት ነው።

መኪና ሲበዛ አደባባዩ ደሴት ሆነ። በዙሪያው ሁሉ ተሽከርካሪ ይተራመሳል። በሙዚየሙና በአደባባዩ መካከል እንኳን የመኪና መንገድ ያልፍ ነበር። ከሙዚየሙ ወጥቶ አደባባዩን ፊት ለፊቱ የሚያይ ሰው ቀጥ ብሎ መውረድ አይችልም፤ ፊቱ ያለው ግንብ ነው። ወደ አንዱ ጥግ ሄዶ፣ እዚያ መንገዱን ተሻግሮ፣ በጥጉ ባለው ደረጃ መውረድ ነበረበት። ይህን ሁሉ አልፎ የሚገባ ሰው በአብዛኛው ለርግቦቹ እህል ሊበትንና ፎቶግራፍ ሊነሳ የመጣ ጎብኚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን አደባባይ፣ ከእርሱ ወደ ፓርላማው የሚወስደውን የዋይትሆል ጎዳናና የፓርላማውን አደባባይ አጥንቶ የማሻሻል ሥራ ለአርክቴክት ኖርማን ፎስተር ድርጅት ተሰጠ። ፎስተር በዓለም ስማቸው ከገነነ አርክቴክቶች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የሙያው ትልቁ ሽልማት የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በዓይኑ ገምቶ አንድ ነገር ቢስል ማንም አይከራከረውም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ስፔስ ሲንታክስ የሚባል ቡድን አብሮ እንዲሠራ ተደረገ። ቡድኑ የወጣው ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ሲሆን ከሐሳቡ ጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ቢል ሂሊየር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል።

የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ ኮምፒዩተር መክፈት አልነበረም። ሰዎችን መንገድ ላይ አቁሞ ማስቆጠር ነበር። በየመንገዱ ዳር ሆነው አላፊ አግዳሚውን ቆጠሩ፤ ሰው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚቀመጥ በካርታ ላይ አሰፈሩ። ነርስ በየአራት ሰዓቱ ሙቀት ለክታ እንደምትጽፈው ማለት ነው።

ሁለት ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው፣ የከተማው ነዋሪዎች የአደባባዩን መካከል ይሸሹታል፤ ዙሪያውን ዞረው ያልፋሉ እንጂ አያቋርጡትም። ሁለተኛው፣ ጎብኚዎች ከትራፋልጋር ተነሥተው እስከ ፓርላማው አደባባይ አይዘልቁም፤ መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን የማይሞላ ሆኖ ሳለ።

ይህን ያየ ሰው «የለንደን ሰው ጥድፊያ ላይ ነው፤ ጎብኚም ቶሎ ይደክመዋል» ብሎ ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ ሊጥል ይችላል። እኛም በጤና ጣቢያ እንዲህ ስንል እንሰማለን፦ «እናቶቹ ቸልተኞች ናቸው፣ በቀጠሯቸው አይመጡም።» ጠጋ ብሎ ለጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መንገዱ ነው። በትራፋልጋርም ምክንያቱ መንገዱ ነበር። ደረጃዎቹ ጥግ ላይ ተደብቀዋል፤ ሰው ደግሞ ወደሚያየው ነው የሚሄደው።

መታጠፊያ መቁጠር

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። ሂሊየርና የሥራ ባልደረባቸው ጁልየን ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስረዱት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሰው የመንገድን ርቀት በሜትር ብቻ አይለካም፤ በመታጠፊያም ይለካል።

ሆስፒታል ታማሚ ይዛችሁ ሄዳችሁ የምታውቁ ይህን ትረዱታላችሁ። ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ፋርማሲ ትላካላችሁ። ሃምሳ ሜትር ቢርቅም ቀጥ ብሎ የሚታይ በር አይጠፋችሁም። ሃያ ሜትር ብቻ ሆኖ «በዚህ ታጠፉ፣ ደግሞ በስተግራ፣ ደረጃውን ወርዳችሁ እንደገና በስተቀኝ» የተባላችሁ እንደሆነ ግን ሦስት ሰው ጠይቃችሁ ነው የምትደርሱት። በዋርድም እንዲሁ ነው። ከነርሷ ጠረጴዛ ቀጥታ የሚታየው አልጋ ላይ የተኛው ታማሚ ገና ቀና ሲል ትደርስለታለች። ከግድግዳው ጀርባ የተኛው ግን ደወል ወይም ጠሪ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም እኩል ትወዳቸው ይሆናል፤ ግድግዳው ግን እኩል አላደረጋቸውም።

ስለዚህ አጥኚዎቹ የአንድን ሰፈር መንገዶች ሁሉ ዓይን ቀጥ ብሎ ሊያይ በሚችለው ልክ በረጃጅም መስመሮች ይወክሏቸዋል። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ወደ ሌሎቹ ሁሉ ለመድረስ ስንት ጊዜ መታጠፍ እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል። በጥቂት መታጠፊያ ከሁሉም የሚደረስበት መንገድ በካርታው ላይ ቀይ ይቀባል፤ ብዙ ተጠማዝዞ የሚደረስበት ሰማያዊ ይሆናል። ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚበዛበት፣ ሱቅ የሚደምቅበት ነው። ሰማያዊው ጭር ያለው ነው። ካርታውን መንገድ ላይ ከተቆጠረው ሰው ጋር ያስተያዩታል፤ ካልተመሳሰለ ካርታው ይታረማል እንጂ ሰው አይታረምም።

ኮምፒዩተር ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ሥራው ስለሚበዛ ነው። አንድ ሰፈር ሺህ መስመር ቢኖረው፣ ከእያንዳንዱ ወደ እያንዳንዱ ሲሰላ 999,000 መንገድ መቁጠር ይጠይቃል። ይህን በእጅ የሚጨርስ ሰው የለም። ማሽኑ ግን ወዲያው ይጨርሰዋል። ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ «ይህ ግንብ እዚህ ጋ ቢከፈትስ? ይህ መንገድ ቢዘጋስ?» ብሎ መስመሯን ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደገና ማስላት ይቻላል። አንድ ድንጋይ ሳይነሣ፣ አንድ ብር ሲሚንቶ ሳይገዛ፣ የቀዶ ጥገናው ውጤት አስቀድሞ ይገመታል።

የደወሉልኝ እናት ልጅ የሚያሯሩጣቸው ነጥቦችም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ እግረኛ ናት። ፊቷ ክፍት የሆነውን ቦታ «ታያለች»፣ ወደዚያ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች፣ ቆም ብላ እንደገና ታያለች። መቶዎችን በአንድ ጊዜ ሲለቋቸው የት እንደሚጨናነቁ፣ የትኛውን ጥግ እንደሚሸሹ ይታያል። አደባባዩ ገና ባይሠራም ሰዎቹ ከወዲሁ ሄደውበታል። እንግዲህ ጨዋታ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

የትራፋልጋሩ ምርመራ አርክቴክቶቹን ወደ አንድ ግልጽ መድኃኒት መራቸው። በሙዚየሙ ፊት የነበረው የመኪና መንገድ ተዘጋና ለእግረኛ ሆነ። ግንቡ በመካከሉ ተከፈተና ከሙዚየሙ በር ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰፊ ደረጃ ተሠራ። እላይ የቆመ ሰው አደባባዩን፣ ዓምዱንና ከዚያ ማዶ የዋይትሆልን ጎዳና በአንድ ዕይታ አሻግሮ ያያል። ሥራው 25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 ተጠናቀቀ። ሲሸሽ የነበረው መካከል ማቋረጫ ሆነ፤ ደረጃውም ሰው ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅበት ሆነ።

እንደ ነርስ ግን ከደረጃው ይልቅ የተደሰትኩበት ሌላ ነው። አብሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግሉ ሁለት አሳንሰሮች፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና ትንሽ ካፌ ተሠርተዋል። መጸዳጃ ቤት የት እንደሚገኝ የማያውቅ አረጋዊ ከቤቱ አይወጣም፤ ቢወጣም ውኃ ሳይጠጣ ነው። ውኃ ባለመጠጣት ራሳቸውን ስተው የመጡ ስንት አረጋውያን አይቻለሁ! እንግዲህ መጸዳጃ ቤቱን የከተማ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት በሉት።

የሕክምናው የቆየ ካርታ

ሰውን ቆጥሮ ካርታ ላይ ማስፈር ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። ከትራፋልጋር በእግር ብዙም የማይርቅ ሶሆ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በዚያ ኮሌራ ገባና በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎችን ገደለ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ቤት ለቤት ዞሮ የሞቱትን መዝግቦ በካርታ ላይ አሰፈራቸው። አብዛኞቹ በአንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ ተሰብስበው ተገኙ። መስከረም 8 ቀን የቧንቧው እጀታ እንዲነቀል ተደረገ።

ስኖው ከዚያ በኋላ ባዘጋጀው ካርታ ላይ አንድ መስመር አለ። መስመሩ ወደዚያ ቧንቧ መሄድ ወደ ሌሎቹ ከመሄድ የሚቀርብባቸውን ቤቶች ለይቶ ያሳያል። ርቀቱን የለካው አሞራ እንደሚበርረው በቀጥታ ሳይሆን፣ ሰው ባልዲ ይዞ በሚሄድበት መንገድ ልክ ነው። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን የአንዲት ውኃ ቀጂ እግር የሚሄድበትን አስልቷል ማለት ነው። ዛሬ በማሽን የሚሠራው የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሄደው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ መልካም ነው። አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ያቺ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የምትራመደው ነጥብ ዕድሜዋ ስንት ነው? ጉልበቷን ያማታል? ልጅ አዝላለች? ዘንቢል ይዛለች?

በእንግሊዝ አገር የእግረኛ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲሰላ የኖረው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በዚያው አገር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን አካሄድ ተመልክቶ ነበር። የወንዶቹ አማካይ በሰከንድ 0.9 ሜትር፣ የሴቶቹ 0.8 ሜትር ሆነ። አብዛኞቹ አረጋውያን መብራቱ ይጠብቅባቸው በነበረው ፍጥነት አይራመዱም ማለት ነው።

በቀላሉ እናስላው። 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ1.2 ፍጥነት በ10 ሰከንድ ይታለፋል። በ0.8 የምትራመድ አያት ግን 15 ሰከንድ ያስፈልጋታል። አሥረኛው ሰከንድ ላይ መብራቱ ሲለወጥ እርሷ ገና 4 ሜትር ይቀራታል፤ መኪናው ደግሞ ሞተሩን እያስጮኸ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ መብራቱ ግን ተረቱን አልሰማም።

አንዴ እንዲህ የደነገጠ አረጋዊ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሻገርም። ማዶ ያለው ጓደኛው ይቀርበታል፣ ለቅሶው ይቀርበታል፣ ዕድሩ ይቀርበታል፣ ቀጥሎ የደም ግፊት ክትትሉም ይቀርበታል። ቤት ሲውል ጡንቻው ይላላል፤ ጡንቻው ሲላላ ይበልጥ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይወድቃል። የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ሲመጣ ቻርቱ ላይ «ወድቆ» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ የጀመረው ግን ያኔ መንገድ ዳር ቆሞ ሲመለስ ነው።

ይህ ሰው አሁን ቤቱ ነው። ቆጣሪዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ሲቆጥሩ አያገኙትም። ኮምፒዩተሩም «በዚህ መንገድ አረጋውያን አይሄዱም» ብሎ ይጽፋል። አይሄዱም ከተባለ ወንበሩ ለማን ይሠራል? መብራቱ ለማን ይረዝማል? ያልተቆጠረ ሰው መንገድ አይሠራለትም፤ መንገድ ያልተሠራለት ሰው ደግሞ አይወጣም፤ ያልወጣ አይቆጠርም። ክፉ አዙሪት ማለት ይህ ነው።

በክትባት ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ይህን አዙሪት እናውቀዋለን። ተሰልፈው ከመጡት ሕፃናት ይልቅ የሚያሳስበን ያልመጣው ነው። መዝገቡን ገልጠን የጎደለውን ስም እንፈልጋለን፣ ቤት ለቤት እንሄዳለን፣ ለምን እንደቀረ እንጠይቃለን። ከተማ የሚያጠናም ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት። ማን አለፈ ብቻ ሳይሆን ማን ቀረ ብሎ መጠየቅ አለበት። ማሽኑ ይህን ጥያቄ ከራሱ አያመነጭም። የሚጠይቀው ሰው ነው። በዘገምታ የምትሄድ ነጥብ፣ ዱላ የያዘች ነጥብ፣ ከየመቶ ሜትሩ አረፍ የምትል ነጥብ በስሌቱ ውስጥ መግባት ትችላለች፤ የሚያስገባት ካለ።

ስሌት ያሳያል፣ ሰው ይመርጣል

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ከአንባቢዎቼ መካከል ጅዳ ልጅ ያላት ቤተሰብ አይጠፋም። በዚያች ከተማ ያለ ፕላን የተሠሩ፣ ጠባብ መተላለፊያ ያላቸው፣ ብዙ ስደተኛ የሚኖርባቸው ሰፈሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የስፔስ ሲንታክስ ባለሙያዎች እነዚህን ሰፈሮች በዚሁ የመስመር ስሌት አጠኗቸው። የተገኘው ሰፈሮቹ ከዳር ዳራቸው ንቁ መሆናቸው፣ ውስጣቸው ግን ከከተማው ትላልቅ መንገዶች ጋር በደንብ አለመያያዙ ነው። ሐሳባቸውም ሁሉን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ጥቂት የተመረጡ መንገዶችን ከፍቶ ውስጡን ከውጭው ጋር ማገናኘት፣ የሚፈርሰውንም ቤት ማሳነስ ነበር። የተዘጋች አንዲት የደም ሥር ለመክፈት እግሩን በሙሉ አይቆርጡም እንደማለት ነው።

በኋላ ግን ምን ሆነ? ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በጅዳ በርካታ ሰፈሮች በሰፊው ፈረሱ፤ ብዙ ቤተሰብ ተነሣ። ስሌት በአነስተኛ ጉዳት ሊሠራ የሚችለውን ያሳያል እንጂ የሚመርጠው ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ስለዚህ «በኮምፒዩተር የተጠና ነው» ሲሉን አፋችንን ይዘን የምንቀር አይደለንም። ማንን ቆጠራችሁ? ስንት አማራጭ አያችሁ? የትኛውን ለምን መረጣችሁ? ብሎ መጠየቅ የነዋሪ መብት ነው።

በአገራችንም ሳይቆርጡ የመሞከር ነገር ጨርሶ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ለገሃር ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ አስፋልቱን በቀለም ቀብቶ፣ ኮን ደርድሮ፣ ለእግረኛው ቦታ አስፍቶ፣ የመሻገሪያውን ርቀት አሳጥሮ የመሞከር ሥራ ተሠርቶ ነበር። ቀለም ካልተስማማ ይፋቃል፤ ኮንም ይነሣል። ኮንክሪት ግን አንዴ ከተሞላ ልጅ ልጃችን ድረስ ይቆያል። ከመሙላት በፊት መሞከር፣ ከመሞከር በፊት መቁጠር ይቀድማል።

እኛ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ያልኩት እንዲያው ለወሬ አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከልጅ ልጁ ጋር ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃል።

አንደኛ፣ ቁጠሩ። በቅርባችሁ ያለ አንድ መሻገሪያ ምረጡ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀትር ስድስት ሰዓት፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቁሙ። ልጁ ይጻፍ፤ ስንት ተማሪ፣ ስንት አረጋዊ፣ ስንት ልጅ ያዘለች እናት፣ ስንት ሸክም የያዘ ሰው አለፈ? በአንዱ ሰዓት ከሌላው አንዳቸው ጎልተው ከቀሩ ምክንያቱን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ለኩ። አያት በተለመደው አካሄዳቸው፣ ሳይሮጡ፣ መንገዱን ሲሻገሩ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባቸው ልጁ በስልኩ ይያዝ። ሁልጊዜም አንድ ጎልማሳ አብሯቸው ይሁን። ያ ቁጥር ከማንኛውም አቤቱታ ይበልጣል። «መንገዱ አስቸገረን» ከማለት «መሻገሪያው 15 ሰከንድ ይፈልጋል፣ መብራቱ 10 ይሰጠናል» ማለት ያስደምጣል።

ሦስተኛ፣ መታጠፊያ ቁጠሩ። ከቤታችሁ እስከ ጤና ጣቢያው፣ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ እስከ ገበያው ስንት ጊዜ ትታጠፋላችሁ? የት ላይ ዓይናችሁ ይጋረዳል? የት ላይ ጥላና መቀመጫ አለ? በወረቀት ላይ ሳሉት። ልጆች ይህን ከምታስቡት በላይ ይወዱታል።

አራተኛ፣ የቀረውን ሰው ጠይቁ። በሰፈራችሁ ድሮ በየጠዋቱ ይታዩ የነበሩ አሁን ግን ከበራቸው የማይወጡ አንድ አባት ወይም እናት አይጠፉም። ቡና አፍሉና ሄዳችሁ ጠይቋቸው። «ጉልበቴ ነው» ይሏችኋል። ጠለቅ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን መንገዱን፣ የተከፈተውን የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከፍ ያለውን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ይነግሯችኋል። ያንንም ደብተሩ ላይ ጻፉት። በወረዳ ወይም በቀጠና ስብሰባ ሲጠራ ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

ለደወሉልኝ እናት ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ልጁ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት አጠገቡ ይቀመጡ። «ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ እኔ የትኛዋ ነኝ?» ብለው ይጠይቁት። ጣቱን አንሥቶ አንዷን ካሳየዎት ጥሩ አስተማሪ አግኝቷል ማለት ነው። ከተደናገረ ደግሞ ተነሥተው ከበር እስከ በር በፊቱ ይራመዱለትና ሰከንዱን ያስቆጥሩት። እርስዎን ያስገባ ስሌት ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሕፃኑም፣ ዱላ ለያዘውም ይሆናል። የሚሠራው አደባባይም ለሁላችንም ይሆናል።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን።